ፕሪንተርዎ ቀለም ሲያዛባ፦ «ሄድ ክሊኒንግ» ከመጫንዎ በፊት

ሰኔ ሲገባ እዚህ ባሕር ዳር በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በፔዳና በፖሊ ዙሪያ ያሉ ኮፒ ቤቶች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞላሉ። ወረፋው ያሰለቸው ተማሪ ወይም መምህር ቤት ያስቀመጣትን ኢንክጄት አቧራዋን አራግፎ ይሰካታል። ለወራት ሳትሠራ የከረመች ፕሪንተር ግን እንዲህ በቀላሉ አትታረቅም፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ካርታ ላይ ጣና ሮዝ ሆኖ ይወጣል፣ ወይም ገጹ በነጭ መስመር ተቆራርጦ ይመጣል።

ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው አንድ መላ ነው፤ «ሄድ ክሊኒንግ» ይጫናል፣ ማለትም ቀለም የሚረጨው ክፍል (ሄዱ) ራሱን እንዲያጸዳ ያዛል። ካልጠራ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ጽዳቱ ግን በነጻ አይደለም። በተጫነ ቁጥር ከታንኩ ቀለም እየሳበ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ወዳለ ስፖንጅ ያፈስሳል። ታንኩ ይጎድላል፣ ስፖንጁ ይሞላል። ጥፋቱ ከወረቀት ምርጫ የመጣ ከሆነ ደግሞ ሺህ ጊዜ ቢጸዳ ለውጥ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የጎደለው ቀለም ይለይ፣ ቀጥሎ ምክንያቱ ይታወቅ፤ ጽዳት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ያለዎት ማሽን የትኛው ነው?

እዚህ ከተማ ቤት ውስጥ የማያቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ጎኑ ላይ ታንክ ያለውና ከጠርሙስ የሚሞላው ነው፦ የኢፕሰን ኤል3110፣ ኤል3150፣ ኤል3250፣ የካነን ጂ ተከታታዮች፣ የኤችፒ ስማርት ታንክ። በእነዚህ ቀለሙ በቀጭን ቱቦ ተጉዞ ነው ሄዱ ጋ የሚደርሰው። ሁለተኛው ትናንሽ ካርትሪጅ የሚገባበት ርካሹ ዓይነት ነው፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ባለ ሦስት ቀለም። በብዙዎቹ ላይ ሄዱ ከካርትሪጁ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ ካርትሪጁን ሲቀይሩ ሄዱንም ቀየሩ ማለት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ኢፕሰን ቀለሙን የሚገፋው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ነው፤ ካነንና ኤችፒ ደግሞ ቀለሙን በቅጽበት በማፍላት ይተፉታል። በሙቀት የሚሠራውን ሄድ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ስለሆነ፣ በካነን ወይም በኤችፒ አንድ ቀለም ጨርሶ ሳይመጣ ማተም መቀጠል ሄዱን ያቃጥላል። «ጥቁሩ እስከወጣ ድረስ ምን ቸገረኝ» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ።

ሁለት ወረቀት ያትሙ

የመጀመሪያው «ኖዝል ቼክ» ነው፤ ሄዱ ቀለም የሚረጭባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚፈተሹበት ገጽ። በዊንዶውስ ከሆነ የፕሪንተሩን ስም በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሪንቲንግ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ይግቡ፤ «ሜይንቴናንስ» በሚለው ስር ያገኙታል። በኤችፒ ላይ የፕሪንት ጥራት መመርመሪያ ገጽ ተብሎ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ አራት ቀለሞች በመስመር መስመር ይወጣሉ፦ ጥቁር፣ ውሃ ሰማያዊ የሆነው ሲያን፣ ደማቅ ሮዝ የሆነው ማጀንታ፣ እና ቢጫ። የቀሩት ቀለሞች ሁሉ ከእነዚህ የሚቀላቀሉ ናቸው።

መስመሮቹን አንድ በአንድ ይዩ። ኤል3110 ለጥቁር 180፣ ለሌሎቹ ቀለሞች ለእያንዳንዳቸው 59 ቀዳዳ ነው ያለው። ስለዚህ በጥቁሩ አንድ መስመር መዝለሉ ለደብዳቤ ምንም አይደለም፤ በማጀንታው ግን አንዲት ቀዳዳ ብትደፈን ፎቶ ላይ ሰማዩን አቋርጣ ትታያለች። ቢጫው ነጭ ወረቀት ላይ ለዓይን ያስቸግራል። ሰማያዊ ላስቲክ የፋይል ሽፋን ካለዎት በእሱ አሳልፈው ይመልከቱት፤ ቢጫው ጠቁሮ ፍንትው ይላል።

ሁለተኛው ወረቀት የራሴ ልማድ ነው፤ ማንም ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) ውስጥ አያገኘውም። በማይክሮሶፍት ወርድ ሦስት ሰፋፊ አግዳሚ መደቦች፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ከስራቸው ደግሞ አንድ ጥቁር መስመር ሠርተው ያስቀምጡ። ባንዲራው ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል፤ አረንጓዴ ከሲያንና ከቢጫ፣ ቀይ ከማጀንታና ከቢጫ ስለሚሠሩ ሦስቱም ቀለሞች ይፈተናሉ። እንዲህ ያንብቡት፦

አረንጓዴው ቢጫ ሆኖ ከወጣ ሲያን የለም። ቀዩ ቢጫ ከሆነ ማጀንታ የለም። መሃሉ ባዶ ሆኖ፣ አረንጓዴው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ሮዝ ከሆነ የጠፋው ቢጫው ነው። ቀለሞቹ ትክክል ሆነው ነጭ መስመር ከቆራረጣቸው ጥቂት ቀዳዳዎች ተደፍነዋል። የገጹ አናት ደማቅ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ ከሄደ ግን ጉዳዩ ድፈና አይደለም፤ ቀለም ሄዱ በሚፈልገው ፍጥነት እየደረሰ አይደለም፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ አየር አለ ወይም ታንኩ ጎድሏል። ቢጫው መደብ አረንጓዴ አረንጓዴ ካለ ወይም ከደፈረሰ ደግሞ ሌላ ቀለም ገብቶበታል፤ ወደዚህኛው በኋላ እመለሳለሁ።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ኖዝል ቼኩ ጎደሎ ከሆነ የሚቀጥለውን ክፍል ይከተሉ። ሙሉ ሆኖ ፎቶው ብቻ ከተበላሸ ቀለሙንና ሄዱን ይተዉአቸው፤ ለእርስዎ የተጻፈው «ኖዝል ቼኩ ሙሉ ነው» የሚለው ክፍል ነው።

ኖዝል ቼኩ ጎደሎ ሲሆን

በመጀመሪያ ታንኩን በዓይንዎ ይዩ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን የቀለም መጠን አይመኑ፤ እንደ ኤል3110 ባሉት ታንከኞች ላይ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ቀለሙ ከታችኛው ምልክት በታች ከወረደ ቱቦው አየር ጠጥቷልና ሳይሞሉ ማጽዳት አየሩን የበለጠ መሳብ ነው። ኤል210 እና ኤል355 ያሉ የቆዩ ኢፕሰኖች ጎናቸው ላይ የማጓጓዣ መቆለፊያ አላቸው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣ ማሽን በአባይ በረሃ መውረጃና መውጫ ሲንገላታ ቀለም እንዳይፈስ ይቆለፋል፤ እዚህ ሲደርስ መክፈት ይረሳል። ተቆልፎ ጥቂት ገጽ ያትማል፣ ከዚያ ሁሉም ቀለም አንድ ላይ ይጠፋል። አራቱም ቀለሞች ባንድ ጊዜ ከጠፉ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ታንኩ ሙሉ፣ መቆለፊያው ክፍት ከሆነ አንድ ጊዜ ብቻ «ሄድ ክሊኒንግ» ያድርጉ። ወዲያው ኖዝል ቼክ አትመው ከፊተኛው ጎን ለጎን ያስቀምጡት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። ሁለቱን ወረቀቶች ሲያወዳድሩ፦

ክፍተቱ ከጠበበ መንገዱ ትክክል ነው፣ ይድገሙት። የጎደሉት መስመሮች እነዚያው ሆነው ከቆዩ ቀዳዳው ላይ ቀለም ደርቋል። አንዱ ሲመጣ ሌላው እየጠፋ ቦታ ከቀያየሩ ግን አየር ነው፤ አየር ደግሞ የሚሻለው ዕረፍት ነው። ማሽኑን በማጥፊያው ቁልፍ አጥፍተው ይተዉት።

የኢፕሰን መመሪያ የሚለው ጽዳትና ኖዝል ቼክን እያፈራረቁ 3 ጊዜ ሞክሮ ካልተሻሻለ፣ ሳያትሙ ቢያንስ 12 ሰዓት አቆይቶ እንደገና መሞከር ነው። ካነን «ዲፕ ክሊኒንግ» ካስደረገ በኋላ ማሽኑን አጥፍቶ 24 ሰዓት ማቆየትን ይመክራል። ሰው ይህን ዕረፍት እንደ ማዘግያ ያየዋል፤ የደረቀውን የሚያረጥበውና አረፋውን የሚያሟሟው ግን እሱ ነው። ማታ ላይ አጽድተው አጥፍተው ይተኙ፣ ጠዋት ይሞክሩት።

ከዚያም እምቢ ካለ በኢፕሰን «ፓወር ክሊኒንግ» ይቀራል። ቱቦው ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ ስለሚቀይር ሁሉም ታንኮች ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መያዝ አለባቸው፤ በጎደለ ታንክ ከተደረገ ማሽኑን ሊጎዳ ይችላል። አንዱን ከሌላው 12 ሰዓት ያራርቁ። በካነን ጂ ተከታታይ «ሲስተም ክሊኒንግ» የሚባለውም ቀለም በብዛት ይጠጣል። ሁለቱም የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አማራጭ አይደሉም።

የዋስትና ጊዜው ላለፈበት ማሽን አንድ የእጅ ሥራ አለ። ሄዱ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት፣ ጎማ ከንፈር ያለው ትንሽ ስፖንጅ አለ። ማሽኑን አብርተው ሄዱ ከዚያ ሲነሣ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ሄዱን በቀስታ ወደ መሃል ይግፉት፣ በስሪንጅ አምስት ስድስት ጠብታ የተጣራ ውሃ ስፖንጁ ላይ ያንጠባጥቡ። መልሰው ሰክተው ያብሩ፤ ሄዱ ተመልሶ ሲያርፍ በቁልፉ አጥፍተው ይደር። ጠዋት አንድ ጽዳት ይበቃዋል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ሲደርቅ ማዕድን ይተዋል። ጋራዥ ለባትሪ የሚሸጠውን የሚወስዱ ከሆነ የተጣራ ውሃ መሆኑን ጠይቀው ያረጋግጡ፤ በዚያው ስም አሲድም ይሸጣል። በረኪና፣ የመስታወት ማጽጃና መርፌ ወደ ሄዱ አይጠጉ።

ካርትሪጅ ላላቸው ነገሩ ይቀላል። ካርትሪጁን አውጥተው ቀዳዳዎቹ ያሉበትን ፊት በለብ ባለ የተጣራ ውሃ በራሰ፣ ብናኝ በሌለው ጨርቅ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፉት። የቀለሙ ማኅተም ጨርቁ ላይ ሲወጣ ተከፍቷል ማለት ነው። መዳብ መሰሉን የመገናኛ ክፍል በእጅዎ አይንኩት። ካነን ሪፊል ከተደረገ በኋላ «ኢ16» ብሎ ሲቆም «ስቶፕ» ቁልፉን ከ5 ሰከንድ በላይ ተጭነው ይያዙት፤ ቀለም መቁጠሩን አቁሞ ያትማል። ከዚያ ወዲያ ማለቁን የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት።

መብራቱ

በእኛ ከተማ ሄድ የሚያደርቀው ከአቧራው ይልቅ የመብራት መጥፋት ይመስለኛል። ማሽኑ በማተም ላይ እያለ መብራት ከሄደ ሄዱ መሃል መንገድ ላይ ክዳን ሳይለብስ ይቀራል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ሙቀት ሌሊቱን እንዲህ ካደረ ጠዋት ደርቆ ይገኛል። መብራት እንደተመለሰ፣ የሚያትሙት ነገር ባይኖርም፣ ማሽኑን አብርተው ሄዱ ማረፊያው ላይ ሲደርስ በራሱ ቁልፍ ያጥፉት።

«በራሱ ቁልፍ» የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ቤት ቴሌቪዥኑ፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው፤ ማታ ሁሉም በአንድ ጣት ይጠፋሉ። ለቴሌቪዥን ምንም የለው፣ ለፕሪንተር ግን ይህ በየማታው መብራት እንደ መጥፋት ነው። በሌላ በኩል በቀን አሥር ጊዜ ማብራትና ማጥፋትም አይበጅም፤ አንዳንዱ ማሽን ሲበራ ራሱን ስለሚያጸዳ ቀለም ይበላል። ከሁሉም የሚሻለው በሳምንት አንድ ቀን ያቺን ባንዲራ በሩብ ገጽ ማተም ነው።

ኖዝል ቼኩ ሙሉ ነው፣ ፎቶው ግን ተበላሽቷል

አሁን ጥፋቱ ከሴቲንግ፣ ከወረቀት ወይም ከራሱ ከፎቶው ነው። በቅደም ተከተል ይሂዱ።

የወረቀቱን ዓይነት ከሁሉ አስቀድሙ። ግሎሲ (የሚያብረቀርቅ የፎቶ) ወረቀት አስገብተው ድራይቨሩ ላይ «ፕሌይን ፔፐር» እንደሆነ ከተዉት ማሽኑ ለተራ ወረቀት የሚበቃውን መጠን ነው የሚረጨው፤ ፎቶው ፈዝዞ፣ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ተራ ወረቀት ላይ የፎቶ ሴቲንግ ከተመረጠ ቀለሙ ይንጠባጠባል፣ ጀርባው ድረስ ይረሰርሳል። የፎቶ ወረቀቱ የተገለበጠ እንደሆነም ይዩ፤ ቀለሙ የማይደርቀውና በጣት የሚጠረገው ባልተቀባው ፊት ላይ ሲታተም ነው።

ካነን ጂ ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። በብዙዎቹ ጥቁሩ ቀለም ፒግመንት (በፈሳሹ የማይሟሟ ደቃቅ ብናኝ)፣ ሦስቱ ዳይ (የሚሟሟ ቀለም) ናቸው። ግሎሲ ላይ ጥቁሩ ታንክ አይሠራም፤ የፎቶው ጥቁር የሚሠራው ከሦስቱ ቀለሞች ቅልቅል ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከሰል መስሎ ወጥቶ የፎቶው ጥላ ወደ አረንጓዴ ካደላ የደከመው ጥቁሩ ሳይሆን ማጀንታው ነው።

ሰማያዊው ወይን ጠጅ ሆነብኝ የሚለው ቅሬታ እዚህ የተለመደ ነው፤ ሐይቅ ዳር ስለምንኖር ሁሉም የሚያትመው ሐይቁን ነዋ። ስክሪን ላይ ጥልቅ ሰማያዊ የሚሆነው ብርሃን ወረቀት ላይ ከሲያንና ከማጀንታ ነው የሚሠራው፤ ማጀንታው ትንሽ ከበዛ ጣና ወይን ጠጅ ይለብሳል። በኢፕሰን «ከለር ኮሬክሽን»ን ወደ «ከስተም» ቀይረው፣ በካነን ቀለምና ድምቀት በእጅ የሚስተካከልበት ውስጥ ገብተው ማጀንታውን በትንሽ በትንሹ ይቀንሱ። ሙሉ ገጽ አያባክኑ፤ ከፎቶው ላይ ታንኳውና ውሃው ያሉበትን ቁራጭ በትንሹ እያተሙ ያወዳድሩ። ሰው ያለበት ፎቶ ከሆነ የፊቱን ቀለም ዳኛ ያድርጉት፤ ሐይቁ አምሮ ፊቱ አመድ ከመሰለ ከልክ በላይ ቀንሰዋል።

ፎቶሾፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ሁለት አራሚ አንድ ላይ እንዳያሠሩ ይጠንቀቁ። ፕሮግራሙ ቀለሙን ካስተካከለ ድራይቨሩ ላይ ማስተካከያው ይጥፋ፤ ካልሆነ ሁለቱም ያርሙትና ገጹ ከልኩ በላይ ይቀላል ወይም ይጨልማል። የስልክና የላፕቶፕ ስክሪን ብርሃን እስከ ጥግ ተከፍቶ ከሆነም ወረቀቱ ሁልጊዜ የጨለመ ይመስላል። ብርሃኑን ቀንሰው፣ የታተመውን በመስኮት ብርሃን ያወዳድሩት።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የካሜራው ነው። ዘጌ ሄደው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የግድግዳውን ሥዕሎች በደብዛዛ ብርሃን ያነሣ ሰው ፎቶው ላይ ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆንበታል። ቢጫውን ቀለም ከማጠብ በፊት ፎቶውን ስልኩ ላይ ይክፈቱት፤ እዚያም ቢጫ ከሆነ ፕሪንተሩ ታማኝ ነው።

በየ2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚደጋገም አግድም መስመር በኢፕሰን ላይ ካዩ የወረቀት ዓይነቱን ያስተካክሉ፣ ቀጥሎ «ሄድ አላይመንት» (የሄዱን አሰላለፍ ማስተካከያ) ያድርጉ። ፊደሉ ጥላ ካለው፣ ቀጥ ያለ የሠንጠረዥ መስመር ከተሰባበረ መድኃኒቱ እንዲሁ አላይመንት ነው፤ ካልበቃው «ሃይ ስፒድ» ወይም በሁለት አቅጣጫ ማተም የሚለውን ያጥፉ። ይዘገያል፣ ግን ይጠራል።

ክረምት ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይ ውሃው ዳር ባሉ ቤቶች፣ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣና ጠርዙ ይንጨፈረራል። የተንጨፈረረ ወረቀት የሄዱን ሆድ ስለሚነካ ጥቁር ጭረት ያበጃል፤ ፊደሉም ጠርዙ ይፈሳል። ደስጣውን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠው የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ያውጡ።

ቀለም ሲሞሉ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ቆላ አገር የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አየር እዚህ ሲደርስ ወደ ውጭ ይገፋል። ጠርሙሱን አቁመው፣ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ክዳኑን ቀስ ብለው ይክፈቱ።

ለማሽንዎ ያልተሠራ ቀለም ርካሽ ነው፤ እኔ ለደብዳቤና ለተማሪ ሥራ አልከለክልም። ለፎቶ ግን ቀለሙ ከድራይቨሩ ስሌት ጋር አይገጥምም፤ ዳይ ታንክ ውስጥ ፒግመንት መጨመር ደግሞ ድፈና መጋበዝ ነው። ከጀመሩም በአንድ ዓይነት ይጽኑ፣ ታንክ ውስጥ ሁለት ዓይነት አያደባልቁ።

በስሕተት ታንክ ውስጥ ሌላ ቀለም ከፈሰሰ አያትሙ፣ አያጽዱ። ቱቦው ሳይስበው በስሪንጅ ከመሙያው ቀዳዳ ይምጠጡት። ተስቦ ከሆነ ግን ታንኩን አጥቦ በትክክለኛው ቀለም መሙላትና ቱቦውን በጠንካራው ጽዳት ማስለቀቅ ይመጣል። ከላይ የተነሣው የደፈረሰ ቢጫ ግን ሁልጊዜ የታንክ ስሕተት አይደለም። ጽዳት ሲደጋገም ማረፊያው ስፖንጅ ላይ ቀለም ይቋጥርና ወደ ቢጫው ቀዳዳ ይመለሳል። ጥቂት ሰዓት አሳርፈው አንድ ሙሉ ገጽ ቢጫ ብቻ ያትሙ፤ ብዙ ጊዜ ከገጹ አጋማሽ ይጠራል።

ስፖንጁ ሲሞላ

ኢፕሰን የጽዳት ቀለም የሚፈስበት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ዕድሜ ማለቁን ሲናገር፣ ካነን «5ቢ00» ብሎ ሲቆም፣ የጽዳቶቹ ሂሳብ ደረሰ ማለት ነው። ቆጣሪውን በሶፍትዌር ዜሮ የሚያደርጉ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ስፖንጁ ካልተቀየረ ወይም ካልታጠበ ግን ቀለሙ መውጫ ፈልጎ ከማሽኑ ስር ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል። «ሪሴት ብቻ» ለሚል ዋጋ አይስማሙ።

ወደ ቴክኒሻን የሚሄዱ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ኖዝል ቼኮች ቀንና የጽዳት ብዛት ጽፈውባቸው ይውሰዱ። ማሽኑን በቁልፉ አጥፍተው፣ ሄዱ ማረፊያው ላይ መሆኑን አይተው፣ የታንኮቹን ክዳን ጠበቅ ያድርጉ፤ መቆለፊያ ካለው ይቆልፉት። ባጃጅ ላይ ወንበሩ ላይ ትተውት አይቀመጡ፤ ጭንዎ ላይ አግድም ይያዙት፤ ካዘነበለ ቀለሙ ልብስዎ ላይ ይፈሳል፣ ቱቦውም አየር ይገባዋል።